ጀልባ ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች

አክሊሉ በዚህ ዓለም ላይ የሚሸሸው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ሽማግሌ ነው። በሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ ዊልቸር ሲገፋ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አይሰርዝም። በረዶ ሌሊቱን ከጣለ የጎረቤቱን መኪና ጭምር ጠርጎ ነው ወደ ሥራ የሚሄደው። ሦስት ሽማግሌዎች በሩን ሲያንኳኩ ግን በጓሮ ደረጃ ይወርዳል። ይህን በሚገባ የማውቀው ከሦስቱ አንዱ እኔ ስለነበርኩ ነው።

የላከን ኦላና ነው። ኦላና ከዚያው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ የሹትል ሾፌር ነው፤ ሃምሳ ዓመቱ፣ ሳቂታ፣ ፊሊፕስ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ጋር ብቻውን የሚኖር። የአክሊሉን እህት ፀዳለን ሊያገባ ፈልጓል። ፀዳለም ፈልጋዋለች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ውላ ትገባለች። ሁለቱ በአንድ የምሳ ሰዓት ፍርድ ቤት ሄደው ፈርመው መምጣት ይችሉ ነበር። ኦላናም ይህንን ሐሳብ አንዴ አቅርቦ ሳምንት ሙሉ ስልኩ አልተነሳለትም።

ፀዳለ ያለ ወንድሟ ቃል አልዳርም አለች። ምክንያቷን ሁላችንም እናውቃለን። ሃያ ዓመቷ ሳለ ወደ ሱዳን ሲሻገሩ መንገዱን እየቀደመ የሚፈትሽላት እሱ ነበር። ገዳሪፍ ላይ ከበር ውጭ የሚተኛው እሱ ነበር። እዚህ አገር ባሏ ሞቶ ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ስትቀር፣ አክሊሉ አንዲት ሻንጣ ይዞ ሮዝቪል ወዳለው አፓርታማዋ መጣና ቀረ። ሚስት አላገባም። ለምን እንዳላገባ የጠየቀው ሰው አለ ብዬ አላስብም። አሁን ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ መጋቢት ነበር። መሪያችን ጋሽ ሐብተማርያም ናቸው፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ከመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸው የማይታጠፍ፣ ንግግራቸው ደግሞ የማያልቅ። ሁለተኛው ዋቁማ ነው፤ የኦላና የአጎት ልጅ፣ ታክሲ ነጂ፣ ቀልድ ካልተናገረ የሚያመው። እኔን የጨመሩኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል ብለው ነው፤ ትምህርቴ ግን እስከ ዛሬ ለሽምግልና ጠቅሞኝ አያውቅም። ታች ሆነን ደወሉን ስንጫን አክሊሉ በድምፅ ማጉያው ሺፍት አለብኝ አለን። ጋሽ ሐብተማርያም ለግድግዳው ሰላምታ ሲሰጡ መኪናው ከሕንፃው ጀርባ ወጥታ ሄደች።

ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ነው። ያን ቀን በሩን ከፈተ። ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ቁልፉን ይዞ፣ አሁን ከሥራ ኮል አደረጉኝ ብሎ ሦስታችንንም እየሳመ ወደ አሳንሰሩ አስገባን። ጋሽ ሐብተማርያም ዕድሉ እንዳያመልጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ንግግር ጀመሩ። ስለ አባቶቻችን ሥርዓት፣ ስለ አዳምና ሔዋን ሲያወሩ አንደኛ ፎቅ ደረስን። አክሊሉ በጣም ቆንጆ ንግግር ነው ብሎ አመስግኗቸው ወጣ።

ሽማግሌ እስከ ሦስቴ ይመላለሳል። ሦስተኛው ላይ ካልተሰማ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ የሚሄድ ሽማግሌ ራሱን ያዋርዳል። ፀዳለም ለኦላና ይህንኑ ነገረችው። በሦስተኛው ወንድሜ ካልሰማችሁ እኔም ደከመኝ፣ አንተም አትጠብቀኝ አለችው። ኦላና ይህንን ሲነግረን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ አየሁት።

ዘዴውን ያመጣችው አይዳ ናት፤ የፀዳለ ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ። በዚያ ክረምት ከድሮው ምሽግ ከፎርት ስኔሊንግ ሥር፣ ሁለቱ ወንዞች ከሚገናኙበት አጠገብ፣ የምሽት ጀልባ ጉብኝት ቲኬት ትሸጥ ነበር። ጉብኝቱ አብሪ ትል ለማየት ነው። ትል ይባል እንጂ የሚበር፣ ሰኔና ሐምሌ ሲመሽ ጅራቱ ላይ መብራት የሚያበራ ትንሽ ጢንዚዛ ነው። የቲኬት ቤቱ ወረቀት እንደሚለው በሩቅ ሞቃት አገሮች ሰዎች በማንግሮቭ ዛፎች መካከል፣ ሥራቸው ውሃ ውስጥ በቆመ ጫካ በጀልባ እየሄዱ ነው የሚያዩት። እኛ ማንግሮቭ ባይኖረንም ወንዙ ሞልቶ ዳርቻው ሲጥለቀለቅ አኻያውና ሜፕሉ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ይቆማሉ። ለሚኒሶታ ይበቃል።

አይዳ ለእናቷ ያቀረበችው ነጥብ ግን ስለ ትል አልነበረም። ከጀልባ ላይ ማንም ወርዶ መሄድ አይችልም አለቻት። ፀዳለ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከዚያ ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብላ እስኪያማት ሳቀች።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ ፈረንጆቹ የአባቶች ቀን የሚሉት፣ በ2006 በእነሱ አቆጣጠር። አይዳ ለአጎቷ በፖስታ ያሸገችውን ቲኬት ሰጠችው። በላዩ ላይ በእጇ የአባቶች ቀን ብላ ጽፋበታለች። አክሊሉ ያንን ፖስታ ሦስት ቀን ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞት እንደዞረ በኋላ ሰምተናል። ለዚያ ቀን ሺፍቱን ከሰው ጋር ተለዋወጠ። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነው።

እኛ ቀድመን ገብተን ከኋላ ተቀመጥን። ዋቁማ የቤዝቦል ኮፍያውን እስከ አፍንጫው አወረደ። እኔ ጋዜጣ ዘረጋሁ። ጋሽ ሐብተማርያም ግን ሽምግልና በጃኬት አይሄድም ብለው ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ካፒቴኗ ደግሞ ያለ ላይፍ ጃኬት አላስገባም ስላለች በጋቢው ላይ ብርቱካናማውን አጠለቁ። ከሩቅ ሲታዩ የመንገድ ሥራ ምልክት ይመስሉ ነበር። ኦላና ጠያቂው ስለሆነ አብሮን መምጣት አይችልም፤ ሹትሏን መኪና ማቆሚያው ዳር አቁሞ ከጀርባዋ ተደበቀ።

አክሊሉ በፀዳለና በአይዳ መካከል፣ ወደ ኋላ ሳያይ፣ ከፊት ተቀመጠ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ከእኛ ሌላ ቴርሞስ የያዙ አረጋውያን ፈረንጅ ባልና ሚስት ነበሩ። ካፒቴኗ ነጭ ጸጉሯን የጎነጎነች፣ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት። ጀልባዋ ስትሄድ ማንም አይነሳም አለች፤ ለአርባ ሕፃን የሚሆን ድምፅ ነበራት። ሞተሩ ተነሳ፣ ገመዱ ተፈታ፣ ዳርቻው ራቀን።

አክሊሉ የዞረው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ጋቢውን አየ። ከዚያ ዳርቻውን። ከዚያ ውሃውን። ዋና አያውቅም። በመጨረሻ አይዳን አየ፤ አይዳ የቲኬቱን ጀርባ አተኩራ ታነብ ነበር።

«አቶ አክሊሉ፣ እንዴት አመሹ» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎም ለትል ነው የመጡት?»

«ለትልም፣ ለሌላም።»

እስከዚያ ድረስ ቲኬት የቆረጥን ሦስት ተሳፋሪዎች ነበርን። ጋሽ ሐብተማርያም የጣራውን ምሰሶ ይዘው ሲነሱና እኛም ሁለታችን ስንከተል ሽማግሌዎች ሆንን። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው። ባለቤቱ ተቀመጡ ቢልም ጉዳዩ ተሰምቶ በጎ ቃል እስኪሰጠው አይቀመጥም። ይህንን አያቶቻችንም አድርገውታል፤ ግን ከሥራቸው የረጋ መሬት ነበረ።

ካፒቴኗ ወዲያው ቁጭ በሉ አለች። አልተቀመጥንም። ደግማ አለች። ጀልባዋ ተንገዳገደች፤ ዋቁማ ውሃ ይፈራል፣ ምሰሶውን እንደ እናቱ አንገት አቅፎታል፣ ግን አልተቀመጠም።

አክሊሉ በዚህ ጊዜ ፊቱ በራ። ሕግ ወዳድ ሰው ነው፤ ሕግም መጣለት። የአገሩ ሕግ ነው፣ አባቶቼ፣ እባካችሁ ተቀመጡ፣ ጉዳዩ ካለ ሌላ ቀን እንነጋገራለን አለ በትሕትና። ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ቃላችን ሳይሰማ ከተቀመጥን ሦስተኛው ጊዜ እዚያው አለቀ። ፀዳለን አየኋት። ሁለት እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ ወደ ውሃው ትመለከታለች።

አይዳ ተነስታ ለካፒቴኗ በእንግሊዝኛ አስረዳቻት። እነዚህ ሰዎች እናቴን ለመጠየቅ ነው የመጡት፣ መልስ ሳያገኙ መቀመጥ አይችሉም አለቻት። ካፒቴኗ ይህ ነገር ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላ ጠየቀች። አይዳ ተረጎመች።

«እንደ ሰውየው ነው» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም።

ካፒቴኗ ትንሽ አሰበች። ደንቡ ጀልባ ስትሄድ እንዳይቆም ነው አለች፤ የማትሄድ ጀልባ ላይ ግን መቆም አልተከለከለም። ጀልባዋን ወደ ዛፎቹ መካከል አስገባች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ መልህቁን ጣለች። ለነገሩ ትሉ የሚታየውም እዚያው ነው። ባለ ቴርሞሶቹ አጨበጨቡ። አክሊሉ ብቻ ሕጉ ከእጁ ላይ እንደወደቀበት ሰው ተቀምጦ ቀረ።

ፀጥታው እስካሁን ትዝ ይለኛል። አኻያዎቹ ውሃው ውስጥ ቆመዋል፤ የወደቀ ቅጠል በግንዳቸው ዙሪያ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ትንኙ በጆሯችን ይዘፍናል። ከበላያችን በየጊዜው አውሮፕላን እየበረረ ይወርዳል፤ አክሊሉ ቀና ብሎ ሳያይ ከየት እንደመጣ ያውቀው ነበር። ጋሽ ሐብተማርያም አሳንሰሩ ውስጥ ካቆሙበት፣ ከአዳምና ሔዋን ቀጠሉ። ኦላና ሰካራም አይደለም አሉ። ኦላና ጸሎተኛ ነው አሉ። እዚያ ላይ ዋቁማ አሳለው።

ከዚያ ጨለማው ውስጥ አንድ ብርሃን ብልጭ አለ።

ዋቁማ ዛፍ ላይ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አለ አለ። ሁለተኛው ብልጭ ሲል ደግሞ ሁለት ናቸው አለ። ወዲያው ሃያ፣ ወዲያው ቁጥር የለሽ ሆኑ። ከውሃው በላይ፣ በቅርንጫፎቹ መካከል፣ ቢጫ አረንጓዴ ነጠብጣብ እየበራ ይጠፋል፤ ውሃው ያንኑ ይደግመዋል፤ የት ላይ ዛፉ አልቆ የት ላይ ወንዙ እንደሚጀምር ጠፋን። የባለ ቴርሞሱ ሚስት ትንሽ ልጅ እንደሚስቅ ሳቀች። ሳቁ ተጋባብን። ለምን እንደምንስቅ አላውቅም። ጋሽ ሐብተማርያም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ጋሼ፣ ንግግሩን ይጨርሱ» አላቸው ዋቁማ፤ «ትሉ አይሄድም፤ ሰውየው ነው የሚሄደው።»

«የት ይሄዳል?» አሉና እሳቸውም ሳቁ። እንዳይወድቁ ክንዳቸውን ያዝኩላቸው። አሁን ጋሽ ሐብተማርያም በሕይወት የሉም፤ ያ ክንድ ግን እጄ ላይ አለ።

አክሊሉ ጥያቄ መጠየቅ ጀመረ። ኦላና በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚያስቀድስ ጠየቀ፤ ነገርነው። የስኳር በሽታ አለበት ወይ አለ፤ የለበትም። ሹትሉን ሁልጊዜ ከቢጫው መስመር አሳልፎ ነው የሚያቆመው፣ ዊልቸር ማሳለፊያ ያጠብብኛል አለ። ይህ እውነት ስለሆነ ሦስታችንም አመንን። ከዚያ ስለ ሐዋርያት ጾም አነሳ፤ ጾም ላይ ሽማግሌ ይላካል ወይ አለ። ሠርግ እንጂ ሽማግሌ አልተከለከለም አሉት። ጥያቄው አለቀበት። ሌላ ሲፈልግ ጨለማው ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

የምትጠየቅ ሴት በዚህ ቦታ አትናገርም። ፀዳለ ግን ተናገረች።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን አስፈራህ?»

አንዲት አብሪ ትል እጅጌው ላይ አርፋ ብልጭ አለች፣ ጠፋች፣ ብልጭ አለች። አላባረራትም።

«እሑድ እሑድ ከማን ጋር ነው የምበላው?» አለ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምተን አናውቅም። በቤታቸው ሦስቱም ሥራና ትምህርት ስላላቸው ሳምንቱን ሙሉ የሚገናኙት ማቀዝቀዣው ላይ በሚለጥፉት ወረቀት ነው። አብረው የሚበሉት እሑድን ብቻ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ፤ ምግቡን የሚሠራው ደግሞ አክሊሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት እሑድ አልጎደለችም። ይህን ሰው ሕግ ያከብራል፣ ግትር ነው፣ ወይም ኦላናን በኦሮሞነቱ ነው የጠላው እያልን ስናማ ከርመን ነበር። ሰውየው የፈራው ሳህን ነው፤ ብቻውን የሚቀመጥ አንድ ሳህን።

መልሱን የሚያውቀው ሰው ዳርቻው ላይ ነው ያለው። ዋቁማ ምሰሶውን በአንድ ክንዱ እንዳቀፈ ተጣጣፊ ስልኩን አወጣ፣ ለኦላና ደወለ፣ ድምፁን ለሁላችን ከፈተው። ካፒቴኗ ትሎቹ እንዳይጠፉ የስልኩን ብርሃን እንድንሸፍን ጠየቀች፤ ጋሽ ሐብተማርያም በጋቢያቸው ሸፈኑት። ስለዚህ ኦላና ከጋቢ ውስጥ ነው የተናገረው።

«ምን አለ? ምን አለ?» ይላል።

«ዝም በልና ስማ» አለው ዋቁማ። «አቶ አክሊሉ የሚጠይቀው አለው። ብታገባት እሑድ እሑድ ምሳ ሮዝቪል ትመጣለህ ወይ፣ ሳታቋርጥ?»

«ማን ነው የሚሠራው?»

«እኔ» አለ አክሊሉ።

ፀዳለ ጥፍሯን ነከሰች።

«ቅዳሜም ይጨመር» አለ ኦላና።

ሳቅ ስንል ጀልባዋ ተናወጠች። አይዳ ለካፒቴኗ ትተረጉምላታለች፣ ካፒቴኗ ለባለ ቴርሞሶቹ ትደግምላቸዋለች፤ ሳቁ በሁለት ቋንቋ፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ዘግይቶ መጣ። አክሊሉ አልሳቀም። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ሲያነሳው አየር ማረፊያው ላይ ለመንገደኛ ሁሉ የሚናገርበት፣ ለስላሳና የማያወላዳ ድምፁ ተመልሶ ነበር።

«ሰጥቻለሁ» አለ። «አባቶቼ፣ ተቀመጡ።»

ሦስታችንም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ በኩል ተቀመጥን። ጀልባዋ ወደዚያ ወገን አዘነበለች፣ ቀዝቃዛ ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚታችን ገባ፣ ካፒቴኗ ለአርባ ሕፃን የሚሆነውን ድምፅ አሰማች። እልልታ ያስፈልግ ነበር። ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም፤ አይዳ ደግሞ አትችልበትም። ዋቁማ ሞከረ። የወንድ እልልታ ምን ያህል እንደሚያስጠላ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ዛፉ ላይ የነበረ ወፍ ሁሉ ተነስቶ በረረ። ፀዳለ ቦታዋን ለቃ በወንድሟ እግር ሥር፣ ያው ውሃው ላይ ተቀመጠች፣ ራሷንም ጉልበቱ ላይ ጣለች። ታለቅስ ይሁን ትስቅ ትከሻዋ አይነግርም። እሱ አብሪ ትሏ ባረፈችበት እጁ እንዳይነካት ተጠንቅቆ ጸጉሯን በሌላኛው ዳበሰላት።

ስንመለስ ከምሽቱ ወደ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ኦላና ከሹትሉ ጀርባ ለመውጣት አልደፈረም፤ ጠያቂ ወንድ ያን ምሽት ለዘመድ ዓይን አይታይም። ግን ትልቅ ሰው ነው፣ ሹትል ደግሞ ጠባብ ናት፤ ግማሽ ሆዱ ይታይ ነበር። አክሊሉ ጋሽ ሐብተማርያምን ደግፎ ከጀልባ አወረደ። በሙያው እንደሚያደርገው ወገባቸውን ይዞ፣ እግራቸው መሬት መርገጡን አይቶ ለቀቃቸው። ጋቢያቸውን አስተካከለላቸው። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄደ። ሁላችንም ቆመን አየን።

ኦላና ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ። አክሊሉ ክርኑን ይዞ አቃናው።

«በልተሃል?» አለው።

ኦላና ከጠዋት ጀምሮ በድንጋጤ አንዳች እንዳልቀመሰ አመነ።

«ቤት ምስር አለ። ዛሬ እኔም በደንብ አልበላሁም።» አክሊሉ ሰዓቱን አየ። «እሑድ ገና አላለቀም፤ እስከ እኩለ ሌሊት ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ንዳ።»

ሁላችን በሹትሏ ተጨናንቀን ገባን፤ እግራችን እርጥብ ነበር፤ አክሊሉ ከፊት ተቀምጦ እስከ ሮዝቪል ድረስ የኦላናን አነዳድ አረመ።